የረቡዕ ራት የማን ነው?

 

የተጋበዝኩት ስለ ቤተሰብ መተጋገዝ እንድናገር ነው። ርእሱ ሰፊ ስለሆነ አንዲት ጥግ ብቻ ይዤ መጥቻለሁ፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ማታ ማታ ቤታችን የምንበላውን ራት። የፋሲካውን ዶሮ፣ የክርስትናውን ድግስ አላነሣም። ለእርሱ ጎረቤት ይጠራራል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ያበሰለችውም ትመሰገናለች። የማክሰኞ ማታዋን ሽሮ ግን ማንም አያመሰግናትም። በዓመት ውስጥ ስንቱ ቀን በዓል ነው? ስንቱስ ማክሰኞ ነው? ትዳርም ልጅነትም የሚያልፈው በማክሰኞዎቹ ላይ ነው።

ነገሩ ለእኔ የተገለጠልኝ ከስድስት ዓመት በፊት በአንድ የክረምት ማታ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ባለቤቴ ነርስ ናት። እኔ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቤት እገባለሁ። እርሷ የቀን ፈረቃዋን ጨርሳ፣ ታክሲ ተሰልፋ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትደርሳለች። ያን ቀን ዝናቡ መንገዱን ዘግቶት ሁለት ሰዓት አለፈ። እኔና ልጆቼ ሳሎን ተቀምጠን ቴሌቪዥን እናያለን። በሩ ተከፈተ፤ ሰላም አለችንና በቀጥታ ወደ ኩሽና አለፈች። ጥቂት ቆይቶ ያኔ የ10 ዓመት ልጅ የነበረው ወንዱ ልጄ ከሶፋው ሳይነሣ «እማዬ፣ ራት ደረሰ?» ብሎ ተጣራ።

ውሃ ልጠጣ ብዬ ኩሽና ገባሁ። ቦርሳዋ ከትከሻዋ አልወረደም። የዝናቡ ውሃ ከሹራቧ ጫፍ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እንደዚያው እንደቆመች ሽንኩርት እየላጠች ነው። ቀና ብላ አየችኝ እንጂ ምንም አላለችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የልጄ ጥያቄ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ቃሉ የእኔ ነው፤ የድምፁም ቅላጼ የእኔ ነው። ከሌላ ከማንም አልተማረውም።

የማስተምረው አማርኛ ስለሆነ ያን ማታ ስለዚያች አነጋገር ሳስብ አደርኩ። «ራት ደረሰ» እንላለን። «ወጡ በሰለ»፣ «ቡናው ፈላ»፣ «ማዕድ ቀረበ» እንላለን። እንግዳ ይደርሳል፤ አውቶቡስ ይደርሳል፤ በመኸር እህል ይደርሳል። ራትም እንደ እነርሱ ጊዜውን ጠብቆ በራሱ እግር የሚመጣ ይመስላል። በሰዋስው ትምህርት ለተማሪዎቼ «ዓረፍተ ነገር ባለቤት አለው» እላቸዋለሁ። «ራት ደረሰ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ ራቱ ነው። ቦርሳዋን ሳታወርድ ያበሰለችው ባለቤቴ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለችም። ዛሬ ላካፍላችሁ የመጣሁት አንድ ሐሳብ ከዚህ የተነሣ ነው፤ እያንዳንዱ ማታ ባለቤት ያስፈልገዋል።

በማግሥቱ ሚስቴን ማገዝ ጀመርኩ። «ሽንኩርት ልላጥልሽ? ድንቹን ልቁረጠው?» እያልኩ አጠገቧ ቆምኩ። ለሁለት ወር ያህል እንዲህ ስሠራ ሥራውን የተካፈልን መስሎኝ ነበር። አንድ ማታ ግን በእርጋታ እንዲህ አለችኝ፦ «ሽንኩርቱስ ይላጣል። እኔን የሚያደክመኝ ጠዋት ስነሣ ጀምሮ ማታ ምን ይሠራ ብዬ ማሰቡ ነው።» ከዚያ ቆጠረችልኝ። ሽሮው ለስንት ቀን ይበቃል? እንጀራው ስንት ቀረ? ነገ ጾም ነው አይደለም? ዘይቱ ተጋምሷል፤ ትንሿ ልጃችን በርበሬ የበዛበት አይስማማትም፤ ቲማቲም ከጉሊቷ ሴትዮ ካልተገዛ ማታ አይገኝም። እኔ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የማየው ድስት በእርሷ ሐሳብ ውስጥ ከንጋት ጀምሮ ተጥዶ ነበር።

«አግዛለሁ» ማለት ሥራው የሌላ ሰው ነው ማለት ነው። ያገዘ ሰው ይመሰገናል፤ ባይችልም ይቅርታ ይደረግለታል፤ ሐሳቡ ግን ባለሥራው ላይ ይቀራል። ስለዚህ ያን ሰሞን አምስታችን ተሰብስበን ሥራውን መቆራረሱን ተውነውና ቀን ተካፈልን። ሰኞና ሐሙስ የእኔ ሆኑ፤ ማክሰኞ የባለቤቴ። ዓርብን ያኔ የ12 ዓመት የነበረችው ትልቋ ልጃችን ከእናቷ ጋር ልትይዘው ፈቀደች። የእናትየው ፈረቃ ወደ ማታ ሲዞር ቀን እንቀያየራለን። ረቡዕ ግን ባለቤት አጣ። ሳምንቱ ተጋምሷል፤ ፍሪጁ ባዶ ነው፤ ጾም ስለሆነ በእንቁላል አይገላገሉትም። «የረቡዕ ራት የማን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ፤ ሁሉም አንገቱን ደፋ። ወደዚህ ጥያቄ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ግን የእኔን ሰኞ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ሽሮዬ ጓጎለ። ዱቄቱን አንድ ጊዜ ድስቱ ላይ ገልብጬው ነበር። ልጆቹ ዝም ብለው በሉት፤ ባለቤቴም «እጅህ ይባረክ» አለችኝ። በሳምንቱ እናቴ ከደብረ ሲና ልትጠይቀን መጣች። ሽርጥ አሥሬ ስታየኝ ፊቷ ጠቆረ። ሳሎን ተቀምጣ ባለቤቴን «ልጄ፣ ወንድ ልጅ ማጀት ሲገባ ደስ ይላል እንዴ?» ስትላት ሰማሁ። ባለቤቴ አልመለሰችላትም፤ ሁለተኛ ቡና ቀዳችላት።

ሐሙስ ደረሰና ደግሞ ሽንኩርት ጣድኩ። እናቴ የኩሽናው በር ላይ ቆማ ታየኛለች። እኔ እሳቱን ከፍ አድርጌ ሽንኩርቱን ከነውሃው ዘይት አልብሼ አማስለዋለሁ። ትንሽ ታገሠችና አልቻለችም፦ «ኧረ አታቻኩለው! ሽንኩርት መጀመሪያ በራሱ ውሃ ነው የሚበስለው። እሳቱን ዝቅ አድርገው። ዘይቱን ውሃውን ሲጨርስ ትጨምራለህ።» በርጩማ ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ውሃው ሲፈላ ደግሞ «ዱቄቱን በግራ እጅህ እየነሰነስክ በቀኝህ አማስል፤ እጅህ እንዳያርፍ» አለችኝ። «አሁን እሳቱን ቀንስና ተወው፤ ይንተክተክ። ዘይቱ ወደ ላይ ወጥቶ ስታየው በስሏል።» ጨው ስትጨምር በማንኪያ አልለካችም፤ በሦስት ጣቷ ቆንጥራ እጄ መዳፍ ላይ አስቀመጠችውና «ይኼን ታክላለህ» አለችኝ። የጨዉ ልክ እስከ ዛሬ መዳፌ ላይ አለ።

ያን ማታ ስበላ አንድ ነገር ከነከነኝ። እናቴ ሦስት እኅቶቼን ይህን ሁሉ አስተምራቸዋለች። በአንድ ቤት፣ በአንድ ምድጃ አጠገብ ያደግነው እኔ ግን 42 ዓመት እስኪሞላኝ አንዲት ቃል አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ወንድ ከማጀት ሲከለከል እንደ ክብር ይቆጠራል። እኔ ያየሁት ግን ከእናቴ እጅ የሚወረስ ርስት ሳይደርሰኝ ሊቀር እንደነበር ነው።

«ወንድ ማጀት መግባቱ ባህላችን አይደለም» የሚል ሐሳብ ከአንዳንዶቻችሁ ልብ ውስጥ እንዳለ ይገባኛል። እኔም በዚያ ነው ያደግኩት። ግን ባህላችንን በደንብ እናስተውለው። በገመድ ተወጥቶ በሚደረስበት፣ ሴት በማይገባበት በደብረ ዳሞ ገዳም እሳት አንድዶ ድስት የሚጥደው ወንድ ነው። በየሆቴሉም ድስት ሥር የሚውል ወንድ አለ። በበዓል ሥጋውን የሚበልተው፣ የሚዘለዝለውም ወንድ ነው። የወንድ እጅ ምግብ ሲነካ ነውር የሚሆነው በገዛ ቤቱ፣ በሥራ ቀን፣ ለገዛ ልጆቹ ሲሆን ብቻ ነው። ይህን ነውር ቆም ብለን ብንጠይቀው መልስ ያለው አይመስለኝም።

ልማዱ ለረጅም ጊዜ የሕግ ድጋፍም ነበረው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ ያደርገው ነበር፤ ባል ሠራተኛ የሚያቀርብበት አቅም ከሌለውም የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ እንድትሠራ ያስገድዳት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ያን አስቀርቶ ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በመምራት እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። ሕጉ ከተለወጠ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። በ2005 ዓ.ም. የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ሰዎች ቀናቸውን በምን እንደሚያሳልፉ በሀገር አቀፍ ደረጃ ሲያጠና ደሞዝ በሌለው የቤት ሥራ ላይ ሴቶች ከወንዶች እጅግ የበለጠ ጊዜ እንደሚያጠፉ ታይቷል። ዳኛ ኩሽናችን ድረስ ገብቶ ማማሰያ አያስጨብጠንም። አዋጁ እስከ በራችን መጥቷል፤ ከበሩ ወዲህ ያለው የእኛ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ከአንድ ትሪ ዙሪያውን ተቀምጦ መብላት የእኛ ነው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የምንል ሕዝብ ነን። ጉርሻ የእኛ ነው። ማዕዱን እንዲህ የጋራ ያደረግን ሰዎች ማጀቱን ለአንድ ሰው ብቻ መተዋችን ከራሳችን ጠባይ ጋር አይሄድም። አበው ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ብለዋል። በሳምንት አምስት ራት ለአንዲት እናት ሸክም ነው። ለአምስት ሰው ሲደርስ ግን ለያንዳንዱ አንድ ሎሚ ነው።

አሁን እንዴት እንደምንሠራ ላካፍላችሁ፤ ከሐሳቡ ይልቅ የሚጠቅማችሁ ይህ ሊሆን ይችላል።

የቤታችን ምሰሶ የእሑድ ቁሌት ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ከተጠጣ በኋላ አራት ኪሎ ሽንኩርት ይዘን ዙሪያውን እንቀመጣለን። ትንሿ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፤ ሌሎቻችን እንከትፋለን። ትልቁ ድስት ላይ፣ እናቴ እንዳስተማረችኝ፣ በራሱ ውሃ እናቁላላዋለን። ውሃውን ሲመጥ ዘይት፣ ቀጥሎ በርበሬ፣ በርበሬው እንዳያር ደግሞ ጥቂት በጥቂት ውሃ ጠብ እያደረግን ከአንድ ሰዓት በላይ እናቆየዋለን። ቅቤ አናስገባበትም፤ ምክንያቱም ረቡዕንም ዓርብንም ማገልገል አለበት። ቅቤ የፈለገ በፍስኩ ቀን በራሱ ድስት ላይ ይጨምራል። ሲቀዘቅዝ በየዕቃው ተከፋፍሎ ፍሪጅ ይገባል። ከዚያ ወዲያ የሰኞ ሽሮ የ20 ደቂቃ ሥራ ነው። ምስር ክክም ታጥቦ ከተጣደ 40 ደቂቃ አያልፍም። መብራት በጠፋ ማታ እንኳ ቁሌት ያለው ቤት በከሰል ራቱን ያደርሳል። ከሰሉን ግን አደራ፣ ደጅ አውጥታችሁ አቀጣጥሉ፤ እዚያው አብስሉበት፤ ቤት ውስጥ የሚገድለው ጋዙ ሽታ የለውም።

ከቁሌቱ ሌላ አራት ደንብ አለን።

የመጀመሪያው፣ ምን እንደሚበላ የሚወስነው የቀኑ ባለቤት ነው። ፓስታ በቲማቲም ስጎ ካለ ፓስታ ነው፤ ድንች አልጫ ካለ ድንች አልጫ ነው። የመወሰን ሥልጣን የሌለው ሰው ታዛዥ እንጂ ባለቤት አይሆንም።

ሁለተኛው፣ የቀኑ ባለቤት ከዋዜማው ዕቃውን ያያል። የጎደለውን ፍሪጁ በር ላይ በተለጠፈች ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ ወደ ሰፈር ቀድሞ የሚመለስ ሰው ከሱቅ ወይም ከጉሊት ይዞት ይገባል። እንጀራ የምንገዛ ስለሆነ እርሱም ወረቀቷ ላይ አለ። ባለቤቴ ከጠዋት ጀምሮ ትሸከመው የነበረው ሐሳብ የወረደላት በዚህች ወረቀት ነው።

ሦስተኛው፣ ማዕድ ላይ ነቀፌታ የለም። ጨው ቢበዛ፣ ቢያንስ፣ ቢጓጉል አመስግነን እንበላለን፤ ምክር ካለ በማግሥቱ፣ ለብቻ። እዚህ ላይ እናቶችን በታላቅ አክብሮት አንድ ነገር ልለምን። ባለሙያ የሚለው ስም ብዙ ዘመን የእናንተ ክብር ሆኖ ኖሯል፤ በላብ የተገኘ ክብር ነው። ባላችሁ ወይም ልጃችሁ ሽንኩርቱን አወፍሮ ሲከትፍ ስታዩ ቢላዋውን ከእጁ ለመንጠቅ እንደሚያምራችሁ አውቃለሁ። እባካችሁ ታገሡ። የነጠቃችሁት ቀን ሥራው ተመልሶ የእናንተ ይሆናል። እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በአፏ መከረችኝ እንጂ ማማሰያዬን አልወሰደችብኝም። ሽሮ መሥራት የቻልኩት በዚያ ነው።

አራተኛው፣ ያበሰለ አያጥብም። ዕቃው የሌሎቹ ነው።

ልጆችን በሚመለከት፣ ከዕድሜያቸው በላይ አትጫኗቸው። የእኛ ትንሿ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ምስር ትለቅማለች፣ ትሪ ታቀርባለች፣ እጅ ታስታጥባለች። ትኩስ ዘይትና ሲሊንደር አጠገብ ብቻዋን አትደርስም። ፈተና ሲደርስ የልጆቹን ቀን እኔና እናታቸው እንወስዳለን፤ ከፈተና በኋላ ይመልሱልናል። «ትምህርታቸውን አይጎዳም ወይ?» የሚል ወላጅ አጋጥሞኛል። በሳምንት አንድ ማታ ነው። ደግሞ ልጅ ድስት ሲጥድ ጊዜ ማቀድ፣ ገንዘብ መቁጠር፣ ለሌላ ሰው ማሰብ ይማራል። አስተማሪ ሆኜ ስናገር፣ እነዚህን ሦስቱን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ማስተማር ከባድ ነው።

«እኛ ቤት ሠራተኛ አለች» የምትሉም ትኖራላችሁ። መልካም ነው። እርሷም ግን የሰው ልጅ ናት፤ የማታ ትምህርት ልትማር፣ ልታርፍ፣ አንድ ቀንም የራሷን ቤት ልትመሠርት ትፈልጋለች። የሄደች ቀን ጾማችንን የምናድር ከሆነ ምግባችን በሰው ልጅ ድካም ላይ ብቻ ቆሞ ነበር ማለት ነው። እኛ ቤት ሠራተኛ በነበረች ጊዜም እኔ አንድ ቀን ልይዝላት እችል ነበር። አልያዝኩላትም፤ ይቆጨኛል።

ወንድሜ አሜሪካ ነው የሚኖረው፤ እርሱና ሚስቱ በተለያየ ፈረቃ ይሠራሉ። አዲስ አበባ ሳለ ሻይ አፍልቶ የማያውቅ ሰው ዛሬ የልጆቹን ራት ይሠራል። በስልክ ስለ ቁሌት ስናወራ እናታችን ብትሰማን እላለሁ። እርሱን ችግር አስተማረው። እኛ ግን ችግር እስኪያስተምረን ለምን እንጠብቃለን? ፍቅር ቀድሞ ሊያስተምረን ይችላል።

አሁን ወደ ረቡዕ ልመለስ። ያን ቀን ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሳለ ዝምታውን የሰበረው ወንዱ ልጄ ነበር። «ራት ደረሰ?» ብሎ የጠየቀው ልጅ «ረቡዕ የእኔ ይሁን» አለ። ገና 10 ዓመቱ ስለነበር ሁለት ዓመት አብሬው ሠራሁ፤ እሳቱ የእኔ፣ ምርጫው የእርሱ። 12 ሲሞላው ለብቻው ተረከበ። መጀመሪያ ቲማቲም ስልስ ብቻ ነበር የሚችለው፤ ረቡዕ በመጣ ቁጥር ስልስ በላን። ቀስ በቀስ ምስሩ መጣ፣ ጎመኑ መጣ፣ ተጋቢኖው መጣ። ዘንድሮ 16 ዓመቱ ነው።

ባለፈው ረቡዕ ማታ ደግሞ ዝናብ ነበር። ባለቤቴ ስትገባ ሁለት ሰዓት አልፏል። ቦርሳዋን በሩ ኋላ ባለው መስቀያ ላይ ሰቀለች፤ እርጥብ ሹራቧን አወለቀች፤ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። እኔ የተማሪዎቼን ደብተር እያረምኩ ነበር። ከኩሽና የምስሩ ሽታ ይመጣል። ልጄ ማማሰያውን እንደያዘ በሩ ላይ ብቅ አለና «እማዬ፣ ቁጭ በይ፤ ራት አድርሻለሁ» አላት።

ልብ በሉልኝ፤ «ደርሷል» አላለም። «አድርሻለሁ» አለ። ያ ዓረፍተ ነገር ባለቤት አገኘ።

ወላጆች፣ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ትሪ ዙሪያ ስትቀመጡ አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ። በቁጣ አይሁን፣ ማንንም ለመውቀስ አይሁን። «የረቡዕ ራት የማን ነው?» በሉ። ሁሉም አንገቱን ቢደፋ አትዘኑ፤ እኛም ቤት እንዲያ ነበር። ትንሽ ጠብቁ። ከመካከላችሁ አንድ ሰው፣ ምናልባት ያልጠበቃችሁት፣ «የእኔ ይሁን» ይላል።

 ማዕዳችሁን ይባርክላችሁ።